የተማሪዎቹን ፀጉር እንላጭ ወይ? ስለ ራስ ቅማል ለአንዲት መምህርት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ አካባቢ በሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምርና የሴት ተማሪዎችን ክበብ የማስተባብር መምህርት ነኝ። በ9ኛ እና በ10ኛ ክፍል ሴት ተማሪዎቻችን ላይ የራስ ቅማል በርክቷል። ስለ ግል ንጽሕና ሁለት ጊዜ አስተምረናል፤ ጠዋት በሰልፍ ላይ ፀጉራቸውን እየፈተሽን የተገኘባቸውን ወደ ቤት መልሰናል፤ ለውጥ ግን አላየንም። ልጆቹ ‹ቅማል የሐሳብ ነው፣ ፈተና ሲደርስ ይፈላል› ይላሉ። አንዳንዶቹ ነጭ ጋዝ ይቀባሉ፤ አንዷ ደግሞ የነቀዝ መድኃኒት ተቀብታ ራሷ ቆስሏል። አሁን ሁሉም ሴት ተማሪዎች ይላጩ የሚል ሐሳብ ከመምህራን ቀርቧል፤ ወላጆች ተቆጥተዋል። መላጨቱ ትክክል ነው? ትምህርቱስ ለምን አልሠራም?»

ምላሽ፦

አይላጩ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ራሷ የቆሰለውን ልጅ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ የተቀባችው መድኃኒት ዕቃው ወይም ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ካለ አብሮ ይሂድ። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ምንም ዓይነት የቅማል መድኃኒት ራሷ ላይ አይደረግ፤ የተላጠ ቆዳ መድኃኒቱን ወደ ሰውነት ከሚገባው በላይ ያስገባልና።

ፀጉር የሌለበት ራስ ላይ ቅማል መኖር እንደማትችል አልክድም፤ የመላጨቱ ሐሳብ የመጣውም ከዚህ ነው። ነገር ግን በእናንተ አገር ራሷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት። ልጅቷ ገበያ ስትወጣ «ማን ሞተብሽ?» ትባላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ዘመድ ደንግጦ ያያታል። እርሷም በሻሽ ተሸፋፍና ክፍል ውስጥ አንገቷን ትደፋለች፤ ወይም ፀጉሯ እስኪያድግ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ከእርሷ በኋላ ራሷን ያሳከካት ሌላ ልጅ ደግሞ መቀስ የሚጠብቃት መሆኑን ስለምታውቅ አፏን ዘግታ ትቀመጣለች። በዚህ ላይ የተላጨው ፀጉር በሁለት ወር ውስጥ ለቅማል የሚበቃ ያህል ያድጋል፤ ቤት ያሉት ታናናሽ እኅቶቿ ካልታከሙም ቅማሉ እንደገና ይጠብቃታል። ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ ፀጉሯን ማሳጠር ከፈለገች መብቷ ነው፤ ማበጠሩንም ያቀልላታል። የምቃወመው ትምህርት ቤቱ የሚያዝዘውን መላጨት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ትምህርታችሁ ያልሠራው ልጆቹ ስላልሰሟችሁ አይደለም፤ እንዲያውም በደንብ ሰምተዋችኋል ብዬ እገምታለሁ። ስለ ቅማል ስትነግሯቸው ስለ ንጽሕና ነገራችኋቸው፤ እነርሱም «ቅማል ያለባት ልጅ ቆሻሻ ናት» የሚለውን ይዘው ወጡ። ቆሻሻ መባልን ማን ይፈቅዳል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን መደበቁን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

የራስ ቅማል የቆሸሸ ፀጉር አትመርጥም። የምትፈልገው ደምና የራስ ቆዳ ሙቀት ነው፤ ይህም በታጠበውም ባልታጠበውም ራስ ላይ እኩል ይገኛል። ውሃ ሲነካት የምትተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች ዘግታ ለሰዓታት መቆየት ስለምትችል በውሃና በሳሙና መታጠብ አይገድላትም። ልጆቹ ራሳቸውን መታጠባቸው ለሌላ ለብዙ ነገር ይጠቅማቸዋል፤ ከቅማል ግን አይጠብቃቸውም። እናንተ ታጠቡ ስላላችኋቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ማገዶ በጠፋበት፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ፣ ከዚያም ቅማሉ እንዳለ ያገኘችው ልጅ ምክራችሁን ሁለተኛ ታምናለች ብላችሁ አትጠብቁ።

«ይፈላል» የሚለው ቃል ራሱ አሳስቶናል። ቋንቋችን ቅማል «ፈላበት» ሲል ከቆዳ ውስጥ እንደ ምንጭ የሚወጣ ያስመስለዋል፤ ከዚህም የተነሣ ሐሳብ፣ ጭንቀት፣ ሐዘን ቅማልን ከሰውነት ያወጣል የሚለው እምነት በገጠርም በከተማም ይሰማል። እውነቱ ግን ቅማል ያለ ቅማል አትገኝም። ያደገች የራስ ቅማል ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ስትሆን አንድ ወር ያህል ትኖራለች፤ እንስቷ በቀን እስከ 8 የሚደርስ ዕንቁላል ትጥላለች። ቅጫም የምንለው ይህን ዕንቁላል ነው፤ ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ሲሆን ከፀጉሩ ጋር በማይለቅ ሙጫ ይጣበቃል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለችው ቅማል ደግሞ በ9 እና በ12 ቀን መካከል አድጋ ራሷ መጣል ትጀምራለች። ይህንን አቆጣጠር ያዙልኝ፤ ሕክምናው በሙሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ቅማል አትዘልም፣ አትበርም። ክንፍም የላት፣ ለመዝለል የሚሆን እግርም የላት። ከራስ ወደ ራስ የምትሻገረው ፀጉር ከፀጉር ሲነካካ በእግሯ እየሄደች ነው። ከራስ ከወረደች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ትሞታለች። ስለዚህ ወንበሩን፣ ወለሉንና ግድግዳውን መድኃኒት መርጨት ልፋትና ወጪ ብቻ ነው፤ ልጆቹንም ለመርዝ ያጋልጣል። ሴቶቹ ላይ በብዛት የታየውም ከወንዶቹ ይልቅ ንጽሕና ስለጎደላቸው አይደለም፤ ፀጉራቸው ረጅም ነው፣ አንዷ የሌላዋን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አስደግፋ ሹሩባ ትሠራታለች፣ ሻሽና ማበጠሪያ ይዋዋሳሉ፣ ተቃቅፈው ይተኛሉ። እነዚህ ሁሉ የፍቅርና የመረዳዳት ሥራዎች ናቸው፤ እንዲተዋቸው የሚነግራቸው ሰው አይሰማም፣ ባይሰማም ደስ ይለኛል።

የሐሳቡን እምነት ግን ሙሉ በሙሉ አላጣጥለውም፤ እናንተም ልጆቹ ፊት አታጣጥሉት። ፈተና ሲደርስ ቅማል በዝቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። ልጆቹ ተሰብስበው አንድ አምፖል ሥር ያጠናሉ፣ ማታ አብረው ያድራሉ፣ ፀጉራቸውን ለመፍታትና ለማበጠር ጊዜ ያጣሉ፤ ሹሩባው ሳይፈታ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያል። ያዩት ነገር ትክክል ነው፤ የሰጡት ምክንያት ነው የተሳሳተው። «ጊዜውን ልክ አይታችኋል፤ ያመጣው ግን ሐሳቡ ሳይሆን መጠጋጋቱና አለመበጠሩ ነው» ቢባሉ ይቀበላሉ። ካልተቀበሉ አንድ ፀጉር ከነቅጫሙ ወስዳችሁ በቤተ ሙከራው ማይክሮስኮፕ አሳዩአቸው፤ ዕንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ሲያዩ ከቆዳ ፈላ የሚለው ነገር ያለ ክርክር ይወድቃል።

ይህ ዘርፍ የራሱ ጥናት አለው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ውስጥ ይሠሩ የነበሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አንድ ነገር አስቸገራቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በነጻ፣ ያውም ራጁ በመኪና ተጭኖ እስከ ሰፈር ድረስ ቢቀርብም ብዙ ሰው አይመጣም ነበር። ከዚያ ጥያቄ የተነሣው የጤና እምነት ሞዴል የሚባለው አስተሳሰብ፣ ሰው ጤናውን ለመጠበቅ እርምጃ የሚወስደው ዕውቀት ስላለው ብቻ አለመሆኑን ያሳያል። ሰው በልቡ «እኔን ይይዘኛል ወይ? ቢይዘኝ ምን ያህል ይጎዳኛል? የተባልሁትን ባደርግ ይጠቅመኛል? ማድረጉስ ምን ያስከፍለኛል?» ብሎ ይመዝናል፤ ከዚያም ላይ አሁን አድርጊው የሚል ቀስቃሽ ነገርና «እችለዋለሁ» የሚል እምነት ያስፈልገዋል። የራስ ቅማልን መከላከል በሴት ተማሪዎች ዘንድ ለማስተማር ይህ ሞዴል በሌሎች አገሮችም ሥራ ላይ ውሏል።

በዚህ ሚዛን የእናንተን ልጆች ብታዩአቸው የጎደለው ወለል ብሎ ይታያል። ንጹሕ የሆነች ልጅ «እኔን አይነካኝም» ትላለች፤ የተያዘችው ደግሞ «ሐሳብ ያመጣው ነው፣ ፈተናው ሲያልፍ ይለቀኛል» ትላለች። ጉዳቱን በተመለከተ ሁለት ጫፍ አለ፤ አንዷ ማሳከክ ብቻ ነው ብላ ትንቃለች፣ ሌላዋ ደሜን ጨርሶ ይገድለኛል ብላ ጋዝ ትቀባለች። መካከሉን ንገሯቸው፦ የራስ ቅማል አትገድልም፤ ነገር ግን እንቅልፍ ታሳጣለች፣ በማከክ የቆሰለው ቆዳ ይመግላል፣ ከጆሮ ጀርባና አንገት ላይ ዕጢ ያብጣል። ደግሞም ማሳከኩ የሚመጣው ቆዳው በቅማሏ ምራቅ ሲቆጣ ስለሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች ልጅ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ምንም ላያሳክካት ይችላል። ማንም ሳይነግራቸው ለወር ያህል ያስተላልፋሉ ማለት ነው። «እኔን አይነካኝም» የምትለውን ልጅ ከምንም በላይ የሚያሳስባት ይህ ነው።

በሚዛኑ ሌላ ወገን ያለው፣ ከሁሉ የከበደው፣ ዕንቅፋቱ፣ ማለትም «ማድረጉስ ምን ያስከፍለኛል?» የሚለው ነው። ዕንቅፋቱን ከፍ ያደረገው ደግሞ የሰልፉ ፍተሻ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን በአንድ ትምህርት ቤት በሰልፍ ላይ ፀጉር ፈትሼ የተገኘባቸውን ለብቻ አቁሜያለሁ። በማግሥቱ ከቆሙት ግማሾቹ ቀሩ፤ አንዷ በዚያው ዓመት ጨርሳ አልተመለሰችም። ልጅቷ የቀረችው በእኔ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ያን ቀን ዓይኗን ምድር ላይ ተክላ የቆመችበትን ግን አልረሳውም። ፍተሻው በሕክምናም ቢሆን ደካማ ነው። በአንድ ራስ ላይ ያሉት ሕያዋን ቅማሎች ብዙ ጊዜ ከ20 አይበልጡም፤ ብርሃን ሲያዩም ይሸሻሉ። በቆመች ልጅ ራስ ላይ በዓይን ብቻ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ቅጫም ነው፤ ቅጫም ደግሞ ቅማሉ ከሞተ በኋላም ይቀራል። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከራስ ቆዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ የተገኘ ቅጫም በአብዛኛው ባዶ ቅርፊት ነው። ስለዚህ የዳነችውን ልጅ ስትመልሱ፣ ገና የተያዘችውን ስታሳልፉ ቆይታችኋል። ፎረፎርንም ከቅጫም ለዩ፤ ፎረፎር በጣት ሲነካ ይረግፋል፣ ቅጫም አይለቅም።

ከጥያቄዎ ያልተጻፈ፣ እኔ ግን ያለ ጥርጥር አለ ብዬ የማስበው አንድ ነገር አለ። ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጃገረዶች ስንት ናቸው? እነዚህ ልጆች ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ፍራሽ ላይ፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ልብስና ጋቢ ተጋርተው ያድራሉ። የመንዝ ሌሊት ብርድ ደግሞ ጭንቅላትን ከጭንቅላት ያጠጋጋል። ዓርብ ማታ ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እዚያም ከታናናሾቻቸው ጋር ይተኛሉ፤ እሑድ ተመልሰው እንደገና ይገናኛሉ። አንዷን ብቻ አክማችሁ ብትመልሷት በሁለት ሌሊት ውስጥ እንደ ነበረች ትሆናለች፤ እርሷም «መድኃኒቱ አይሠራም» ብላ ለሌሎቹ ትናገራለች። ለቅማል መታከም ያለባት አንዲት ልጅ ብቻ ሳትሆን የፍራሹ ጓደኞች በሙሉ ናቸው።

ስለ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣና የነቀዝ መድኃኒት ያለኝ ቃል አጭርና የማያወላዳ ነው፦ በፍጹም። ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል፤ ፀጉሯ በጋዝ የራሰ ልጅ ኩበት ወደሚነድበት ምድጃ ስትጠጋ የሚሆነውን መናገር አያስፈልግም። የተረፈውን ጋዝ ውሃ መስሎት የሚጠጣ ሕፃን በየቤቱ አለ። ስለ ነቀዙ መድኃኒት አንድ ሰዎችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ በአንዳንድ የነቀዝ መድኃኒት ውስጥ ያለው ማላታይን የሚባለው ንጥረ ነገር በሕክምናም ለቅማል በ0.5 በመቶ ተዘጋጅቶ በሌሎች አገሮች ይሰጣል። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ለእህል የተዘጋጀውን መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥንካሬውም፣ የተበጠበጠበት ፈሳሽም ለሰው ራስ አይደለም። ከተቀባች በኋላ ምራቋ የበዛ፣ ላብ ያጠመቃት፣ የምታስመልስ፣ የዓይኗ ብሌን እንደ ነጥብ የጠበበ ወይም ትንፋሽ ያጠራት ልጅ መርዙ ወደ ሰውነቷ ገብቷል፤ ልብሷን አውልቃችሁ፣ እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ራሷን በብዙ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም አድርሷት።

የሚሠራው መድኃኒት ፐርሜትሪን 1 በመቶ ነው። አጠቃቀሙ ላይ የሚሠሩት ስሕተቶች ብዙ ስለሆኑ ዘርዘር ላድርገው። በመጀመሪያ ሹሩባው ሙሉ በሙሉ ይፈታል፤ በሹሩባ ላይ የተቀባ መድኃኒት ከሥሩ አይደርስም። ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት ያለበት ፀጉር በሳሙና ወይም በሻምፑ ታጥቦ ቅባቱ ይለቅቅ፤ ኮንዲሽነር አይጨመር፤ ቅባት መድኃኒቱ ከፀጉሩ ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋልና። በፎጣ ደረቅ ባለው እርጥብ ፀጉር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ፣ በተለይም ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ ተደርጎ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ በውሃ ይለቀለቃል። ዓይን በፎጣ ይሸፈን። ከዚህ በኋላ ለሁለት ቀን ራስ አይታጠብ። ጸበል የምትጠመቅ ልጅ እምነቷን አትተው፤ መድኃኒቱን የምትቀባበትን ቀን ከጸበሉ ቀን በኋላ ታድርገው እንጂ።

መድኃኒቱ ቅማሉን ይገድላል፤ ዕንቁላሉን ግን በሙሉ አይገድልም። የቀረው ዕንቁላል በሳምንት ከጥቂት ቀን ውስጥ ይፈለፈላል፤ ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ፣ ቢቻል በ9ኛው ቀን፣ እንደገና መቀባት ግድ ነው። «ተቀብተን ተመለሰብን» የሚሉት አብዛኞቹ ሁለተኛውን የተዉ ናቸው። ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ በላይ በላዩ መደጋገም ቆዳ ይጎዳል እንጂ አያፋጥንም። መድኃኒት ቤት ውስጥ ፐርሜትሪን 5 በመቶ የሚል ክሬም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ይህ የእከክ መድኃኒት ነው፣ አቀባቡም ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል እከክ በስፋት በተከሰተበት ጊዜ የተሰጡ መድኃኒቶች ትዝታ በየቤቱ ስላለ ሁለቱን የሚያምታቱ ወላጆች አሉ። ሊንዴን የተባለው አሮጌ መድኃኒት ነርቭ የሚጎዳ ስለሆነ ለልጆች አይሁን። በዓለም ላይ ፐርሜትሪንን የተላመዱ ቅማሎች በብዙ አገሮች ተገኝተዋል፤ ከተቀባች ከ8 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ቅማሎቹ እንደ ቀድሞው ሲሯሯጡ ከታዩ መድኃኒቱ አልያዛቸውም ማለት ነውና ልጅቷ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። እዚያ በክብደቷ ተለክቶ የሚዋጥ አይቨርሜክቲን ሊታዘዝላት ይችላል፤ እርሱም ከሳምንት በኋላ ይደገማል፣ ክብደታቸው ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አይሰጥም።

መድኃኒቱ ካልተገኘ ወይም አቅም ካልፈቀደ፣ ማበጠሪያው ብቻውን ይበቃል፤ ይህን ስናገር ለማጽናናት አይደለም። ጥርሱ እጅግ የደቀቀ የቅማል ማበጠሪያ ይገዛ፤ ብረት ከሆነ ይመረጣል። ፀጉሩ ይርጠብ፣ ከዚያ በኮንዲሽነር ወይም በዘይት ወይም በቅቤ ይለስልስ፤ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ከተፍታታ በኋላ ትንሽ ትንሽ እየተከፈለ ከቆዳው ጀምሮ እስከ ጫፍ በደቂቁ ይጎተት፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ማበጠሪያው በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። ይህ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ይደገም፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ቅማል እስኪጠፋ ድረስ አይቋረጥ። ጠጉሯ ጠንከር ያለና የተጠቀለለ ልጅ አንድ ሰዓት ሊፈጅባት ይችላል። ቅቤ ቅማልን ይከላከላል የሚለውን የእናቶች እምነት በዚህ መንገድ ወደ ጥቅም መለወጥ ይቻላል፤ ቅቤ ቅማል አይከለክልም፣ ነገር ግን ማበጠሪያው እንዲንሸራተት ያግዛል። «ቅቤ መቀባት ተዉ» ከማለት «ቅቤ በተቀባችሁ ቁጥር በደቂቁ አበጥሩ» ማለት እጅግ ይቀልላል። ሎሚ ቅማል አይገድልም፣ የተጫረ ቆዳ ላይ ግን ያቃጥላል። እንዶድም ቢሆን፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ቢያሳዩም፣ ዓይን ክፉኛ ስለሚቆጣ ከጋቢ ማጠቢያነቱ አይለፍ።

ከልብስና ከመኝታ በኩል የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ከሕክምናው በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ውስጥ የተጠቀሙበት ሻሽ፣ የትራስ ልብስና ማበጠሪያ በሙቅ ውሃ ይዘፍዘፍ፤ ፈልቶ የወረደ፣ እጅ የማያስነካ ውሃ ይሁን። ሊታጠብ የማይችለው በፌስታል ታስሮ ለሁለት ሳምንት ይቀመጥ፤ ወይም ማንም ሳይጠቀምበት ለሦስት ቀን ገለል ይበል። ባናውንና ፍራሹን ማጠብ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። በልብስ ስፌት ውስጥ የምትኖረው የልብስ ቅማል ሌላ ናት። እርሷ ግርሻ ትኩሳትንና ተስቦን ታስተላልፋለች፤ ግርሻ ዛሬም በአገራችን ያለ በሽታ ነው። የልብስ ቅማል ከትኩሳታም ሰው ሸሽታ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ «ቅማል ሊሞት ያለውን ትተወዋለች» የሚለው አባባል ከዚህ ምልከታ የመጣ ይመስለኛል። የግርሻ ጀርም ወደ ሰው የሚገባው ቅማሏ ስትደቅቅ ስለሆነ በጥፍር ወይም በጥርስ መጨፍለቅ ይቅር። የራስ ቅማል እነዚህን በሽታዎች እንደምታስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ከተሰበሰቡ የራስ ቅማሎች ላይ ሌላ የቅማል ወለድ ትኩሳት ባክቴሪያ መገኘቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መገኘቱ ታስተላልፋለች ማለት አይደለም፤ ቸል የማይባል መሆኑን ግን ያሳያል። በልብሷ ውስጥ ቅማል ያለባት ልጅ ድንገት ብርድ ብርድ ብሏት ከተኮሳት የራስ ቅማል ሕክምና ላይ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ጤና ጣቢያ ላኳት።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህ ነው። የሰልፉን ፍተሻ ዛሬ አቁሙ፤ ቅማል ተገኘባት ተብላ ወደ ቤት የምትመለስ ልጅም አትኑር፣ የዚያን ቀን ትምህርቷን ጨርሳ ማታ ትታከም። በክበቡ በኩል ሴት ተማሪዎችን ብቻ ሰብስባችሁ ስለ ንጽሕና አንድ ቃል ሳትናገሩ ስለ ቅማሏ ዕድሜና አካሄድ አስረዱ። ከዚያ አብረው የሚያድሩት ልጆች ስማቸው ለማንም ሳይገለጥ ቡድን ቡድን ይሁኑ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ደቂቅ ማበጠሪያ ክበቡ ይግዛ። ቀኑ ቅዳሜ ይሁን። ዓርብ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ለእናቶቻቸው አጭር ወረቀት ይያዙ፤ ቅዳሜ ከእኅቶቻቸው ጋር በአንድ ቀን ይታከሙ፣ እሑድ ሲገናኙ ሁሉም የታከሙ ይሆናሉ። ሁለተኛው ዙር በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ፣ ማለትም የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጨምሮ ሲቆጠር በ9ኛው ቀን ይደረግ፤ ያን እሑድ በከተማ የሚቆዩትን እርስዎ ወይም ሌላ ሴት መምህርት ብታግዟቸው መልካም ነው። እናቶች ማንበብ ለማይችሉባቸው ቤቶች የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አነጋግሩ፤ ቤት ለቤት መሄድ ሥራዋ ነው፣ እናቶቹም ያውቋታል።

ከዚያ በኋላ መከላከያው ከሹሩባው ጋር ይታሰር። ልጃገረዶቹ ሹሩባ የሚሠሩበት ቀን አላቸው፤ አዲስ ሹሩባ ከመጀመሩ በፊት ፀጉሩ ረጥቦ በደቂቁ ማበጠሪያ አንድ ጊዜ ይታይ፤ ሠሪዋ የተሠሪዋን፣ ተሠሪዋም በተራዋ የሠሪዋን። በተለይ ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሁሉም አንድ ላይ በሚሠሩበት ሳምንት ይህ አይታለፍ። ቅማል ያገኘችው ጓደኛዋ ናትና ማፈር አይኖርም፤ አንዲት ቅማል ብቻ ከተገኘችም የፍራሹ ጓደኞች በሙሉ በዚያው ቅዳሜ እንደገና ይጀምራሉ። ከሁለት ሙሉ ዙር በኋላም ቅማሉ ካልጠፋ፣ ወይም ራሷ የመገለ፣ ዕጢዋ ያበጠ ልጅ ካለች፣ ማበጠሪያውንና የተጠቀመችበትን መድኃኒት ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ከተቻለ እርስዎ አብረዋት ይሂዱ።